ማሳይ መሬት ላይ የዱር እንስሳ ጥበቃ ከህዝቡ ጋር እንዴት ይሰራል፦ ከከብቱ ጀምሩ

ናይሮቢ ሆናችሁ ቱሪዝም ላይ ወይም ኤንጂኦ ውስጥ የምትሰሩ፣ ወይም ስለ አርብቶ አደር የምታጠኑ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ብዙ ሰው ማሳይ ሀገር (ደቡብ ኬንያና ሰሜን ታንዛኒያ) ለጥበቃ ስራ ሲሄድ ገና ከመኪና ሳይወርድ ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ነው የሚያወራው፣ ስራው ግን የሚቆመው በከብትና በሳር ነው። መሬቱ የማሳዮቹ ነው፣ ኑሯቸው ደሞ ከብት ነው፣ ከብቱ የተራበበትን ሰው ለአንበሳ እዘን ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ ነው፣ መሬት፣ ስብሰባ፣ ሳር፣ ገንዘብ፣ ከዛ በኋላ ነው አንበሳው የሚመጣው። (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ማሳይ መሬት ላይ? ኬንያ ውስጥ ካለው የዱር እንስሳ ወደ 65 በመቶ የሚሆነው የሚውለው ከፓርክና ከሪዘርቭ ውጪ ሰው የሚኖርበት መሬት ላይ ነው። አምቦሴሊ ፓርክ በጠቅላላ 392 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ያን ሁሉ ዝሆን አመቱን ሙሉ አይችለውም፣ ዝናብ ሲጥል ወደ ኪማና፣ ወደ ኪሊማንጃሮ ስር፣ ወደ ቹሉ ኮረብታዎች ይበተናሉ፣ እዛ ያለው መሬት ደሞ ባብዛኛው የማሳይ ነው። ከ1977 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የኬንያ የግጦሽ አካባቢዎች የዱር እንስሳ ቁጥር በአማካይ በ68 በመቶ ወርዷል። ፓርክ ማጠር ብቻውን ይሄን አላስቆመውም።

ከመሄዳችሁ በፊት ደሞ "ጥበቃ" የሚለው ቃል እዛ እንዴት እንደሚሰማ እወቁ። በ1904 እና በ1911 እንግሊዞች ባስፈረሟቸው ስምምነቶች ማሳዮች ከስምጥ ሸለቆውና ከላይኪፒያ፣ ከምርጥ ግጦሻቸው ተነስተው ወደ ደቡብ ተገፉ። በ1959 ያኔ ታንጋኒካ በምትባለው ሀገር ሰረንጌቲ ፓርክ ስለሆነ ውጡ ተብለው ወደ ንጎሮንጎሮ ሄዱ። በ2022 እዛው ታንዛኒያ ሎሊዮንዶ ላይ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ተከለለ፣ ግጭት ተፈጠረ፣ ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ የሸሹም ነበሩ። እና አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብሎ ተቀብሏችሁ በሆዱ "እነዚህ መሬቴን ሊወስዱ ነው" ቢል ልክ ነው፣ አትከፉበት፣ ወረቀት ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን እንደምታውቁ ራሳችሁ ብትናገሩ ብዙ ነገር ይቀላል።

መሬቱ የማን እንደሆነ በወረቀት እዩት

ኬንያ ውስጥ ከ1968ቱ ህግ በኋላ ናሮክና ካጂያዶ ያለው የማሳይ መሬት "ግሩፕ ራንች" እየተባለ በብዙ አባላት ስም ተመዘገበ። ከ80ዎቹ ወዲህ ግን ብዙው እየተከፋፈለ ለያንዳንዱ አባል ካርታ ተሰጥቷል። ስለዚህ ሁለት አይነት ቦታ ሊገጥማችሁ ይችላል፣ ስራውም በጣም ይለያያል።

አንደኛው የግል ካርታ ያለበት ነው፣ ማሳይ ማራ ሪዘርቭ ዙሪያ ያሉት ኮንሰርቫንሲዎች (ባለመሬቶች ለዱር እንስሳ ጥበቃ ያዋሉት መሬት) ባብዛኛው እንዲህ ናቸው። ጎን ለጎን ያሉ ባለመሬቶች መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለሎጅ ካምፓኒዎች ያከራያሉ፣ ናቦይሾ ላይ ለምሳሌ ከ500 በላይ ባለመሬት አለ። እዚህ እያንዳንዱን ሰው ማስፈረም አለባችሁ፣ መሃል ላይ ያለ አንድ ሰው እምቢ ብሎ ቢያጥር የሁሉም ይበላሻል፣ ስለዚህ ካርታውን ከመሬት ቢሮ አውጡና ማን ከማን ጋር ይዋሰናል የሚለውን በወረቀት ሳሉት። ካርታው ደሞ ባብዛኛው በባልየው ስም ነው። ሲሞት ኪራዩ ወዴት ነው የሚሄደው? ሚስት ሁለትና ሶስት ከሆኑስ? ይሄን ኮንትራቱ ላይ ያኔውኑ አስፅፉት፣ በኋላ ባልቴቷ ከወንድሞቹ ጋር ስትጣላ ማንም አይደርስላትም።

ሁለተኛው ገና ያልተከፋፈለ የጋራ መሬት ነው፣ እሱን የ2016ቱ የኮሚዩኒቲ መሬት ህግ ነው የሚገዛው። ጠቅላላ ጉባኤው ከ7 እስከ 15 ሰው ያለበት ኮሚቴ ይመርጣል፣ ኢንቬስተር ጋር የሚደረግ ውል ግን ኮሚቴው ስለፈረመ ብቻ አይፀናም። ለዚሁ በተጠራ ስብሰባ ላይ አዋቂ ከሆኑት አባላት ሁለት ሶስተኛው መገኘት አለበት፣ ሁለት ሶስተኛውም ማፅደቅ አለበት። ሊቀመንበሩን ሆቴል ጋብዞ ማስፈረም አቋራጭ ሊመስል ይችላል ግን ዋጋ የለውም፣ ከህጉ በላይ ደሞ ሰውን ያጣላል።

ታንዛኒያ ሌላ ነው፣ መሬት እዛ የመንግስት ነው፣ የምትሰሩት ከመንደር ምክር ቤት ጋር ነው። ሲማንጂሮ ሜዳ ላይ ቴራት መንደር ከአስጎብኚ ካምፓኒዎች ጋር የተስማማው ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ሜዳው አይታረስም፣ ከብቱ ግን ይግጣል፣ ለመንደሩም በየአመቱ ይከፈላል። ከዚህ በታች ያለው ባብዛኛው ስለ ኬንያ ነው።

የ2013ቱ የኬንያ የዱር እንስሳ ህግ ባለመሬቶች ኮንሰርቫንሲ አቋቁመው እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል፣ የማኔጅመንት ፕላን ይጠየቃል። አደን ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ከአደን ፈቃድ ገቢ አይጠበቅም፣ ሂሳባችሁን ያለሱ ስሩ።

ስብሰባ

በማሳይኛ ይሁን። በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ከሆነ የሚያወሩት የተማሩት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ፣ ከብት የያዘው ሰውዬ ዝም ይላል፣ ዝም ማለቱ ደሞ እሺ ማለት አይደለም። ስብሰባቸውን ኤንኪጉዌና ይሉታል፣ ዛፍ ስር ነው፣ አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ረጅም ነው፣ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። ሰአት እያያችሁ አትቁነጥነጡ። አንድ ቀን አይበቃም፣ ወራት ይፈጃል፣ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው የሚፈልገው ቀን ጋር አይገጥምም፣ ይሄን ለገንዘብ ሰጪው ቀድማችሁ ንገሩት።

ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስቡ፣ ወንዶቹ ባሉበት ብዙዎቹ አይናገሩም። የሚያልቡት እነሱ ናቸው፣ ውሃና እንጨት የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ ዝሆን የትኛው መንገድ ላይ እንደሚቆም ጅብ በየት በኩል ፍየል እንደሚወስድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሞራኖቹንም (ወጣት ተዋጊዎቹን) እንዲሁ፣ አንበሳ ሊገድል የሚወጣው ሽማግሌው አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ውሳኔ አለ፣ ሰው ከመሬቱ ይወጣል ወይስ እዛው ይኖራል? ማራ ላይ መጀመሪያ ከተቋቋሙት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በ2006 የተጀመረው ኦላሬ ኦሮክ፣ ቤተሰቦች ከኮንሰርቫንሲው ክልል ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፣ በኪራይ ተካክሶላቸው። በ2016 የተቋቋመው ናሹላይ ግን ሰውም ከብትም የዱር እንስሳም አንድ ላይ ብሎ ጀመረ፣ ማንም አልተነሳም፣ በ2020 የኢኩዌተር ሽልማት አግኝቷል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። የወጣው ቤተሰብ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም፣ ከብቱን ይዞ ኮንሰርቫንሲው ዳር ላይ ይጨናነቃል፣ ሳሩ እዛ ያልቃል፣ ማታ ማታ እየተደበቀ መግባት ይጀምራል፣ ከዛ ከሬንጀሩ (ከክልሉ ጠባቂ) ጋር ይጣላል፣ ሬንጀሩ ደሞ የገዛ ዘመዱ ነው።

ሳሩ

ዋናው ስራ ይሄ ነው። ማሳዮች የግጦሽ ቁጠባ ከማንም አልተማሩም፣ ለጥጆችና ለታመመ ከብት ቤት አጠገብ የሚከለል ሳር አላቸው ኦሎፖሎሊ ይባላል፣ ለበጋ የሚጠበቅ ሌላ ቦታም አላቸው። የመንዝ ጓሳን ቄሮ የሚባለውን የሳር መጠበቂያ ስርአት የሚያውቅ ሰው ይሄን ወዲያው ይረዳዋል፣ ዘግተህ ታቆየዋለህ፣ በክፉ ቀን ትከፍተዋለህ። እናንተ አዲስ ፕላን ይዛችሁ ከመሄድ ያለውን ጠይቁ፣ የት ነበር የሚዘጋው፣ ማን ነበር የሚከፍተው፣ መቼ ተበላሸ፣ ለምን ተበላሸ። ከዛ እሱን መልሶ ማቆም ነው።

ሾምፖሌና ኦልኪራማቲያን፣ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ፣ ናትሮንና ማጋዲ ሀይቆች አካባቢ፣ በደንብ ይሰራል። መሬቱ በሁለት ይከፈላል፣ በዝናብ ጊዜ ከብቱና መንደሩ በአንዱ በኩል ይሆናሉ፣ የጥበቃው ክልል ሳሩ እያደገ ይቆያል የዱር እንስሳው ይግጥበታል፣ በጋው ሲበረታ ሽማግሌዎቹ ይወስኑና ከብቱ ወደዛ ይገባል። ማለትም ለቱሪስት የሚታየው የጥበቃ ክልል ለከብቱ የሳር ባንክ ነው። አንበሳም እዛው አለ። ህዝቡ ያንን ቦታ የሚጠብቀው ለከብቱ ብሎ ነው፣ አንበሳውም በዛው ይጠቀማል፣ ሞዴላችሁ ይሄ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከብት ሳር ስለሚግጥ የዱር እንስሳ ጠላት ነው የሚለውን እርሱት። በልኩ ከተጋጠ አጭርና ለምለም ሳር ይወጣል፣ ዊልደቢስትና ሜዳ ፍየል የሚፈልገው እሱን ነው፣ አጭር ሳር ላይ አዳኝም ከሩቅ ይታያል። ከብት ያደረበት በረት ደሞ ተለቆ ሲሄዱ ፋንዲያው አፈሩን ያዳብረዋል፣ ቦታው ለአስርና ለመቶ አመታት ከዙሪያው የለመለመ ሜዳ ሆኖ ይቀራል፣ እንስሳው እየመጣ ይሰበሰብበታል። ስለዚህ ፕላናችሁ ላይ በረቶቹ በየጊዜው ቦታ እንዲቀይሩ አድርጉ፣ የተራቆተ ቦታ ካለ እዛ ላይ ይደር።

ህጉን ግልፅ አድርጉት፣ ስንት ከብት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየት በኩል ገብቶ በየት ይወጣል፣ ሳይፈቀድለት የገባ ምን ያህል ይቀጣል፣ ቅጣቱንስ ማን ይቀበላል። ቅጣቱን ራሳቸው ይወስኑ፣ ለሊቀመንበሩም ለድሃውም እኩል ይሁን፣ ሀብታሙ 300 ከብት እየነዳ ገብቶ ዝም ከተባለ በሚቀጥለው ቀን ሁሉም ይገባል። የድርቅ አንቀፅ የግድ ነው። በ2009 ድርቅ አምቦሴሊ አካባቢ ከዊልደቢስቱ አብዛኛው አለቀ፣ ከብቱም በገፍ ሞተ። እንዲህ ያለ አመት ሲመጣ "ኮንትራቱ አይፈቅድም" ብሎ በር መዝጋት አይቻልም፣ ሳሩ የት ደረጃ ሲደርስ በሩ እንደሚከፈት፣ መጀመሪያ የማን ከብት እንደሚገባ (የሚታለቡትና ጥጆቹ ቢሆኑ ጥሩ ነው) ዝናብ እያለ ተነጋገሩበት። በረሃብ ቀን የተጀመረ ንግግር ፀብ ነው የሚሆነው።

ገንዘቡ

ሁለት ነገር ነው፣ በቀኑ ይግባ፣ በቀጥታ ይግባ። ድሮ ገንዘቡ በካውንስልና በጥቂት ትልልቅ ሰዎች እጅ ሲያልፍ ታች ላለው ሰው የሚደርሰው ትንሽ ነበር፣ አሁን የማራ ኮንሰርቫንሲዎች ለያንዳንዱ ባለመሬት ባንክ አካውንቱ ውስጥ ያስገባሉ፣ ኤምፔሳም አለ፣ ምክንያት የለም። ከሁሉም የሚገርመኝ ኪቴንጌላ ላይ በ2000 የተጀመረው ፕሮግራም ነው፣ ናይሮቢ ፓርክ ደቡብ በኩል ያሉ ቤተሰቦች እንዳያጥሩና እንዳይሸጡ በኤከር በአመት 4 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፣ ክፍያው በአመት ሶስት ጊዜ ሆኖ የትምህርት ቤት ክፍያ ከሚጠየቅበት ጊዜ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ነበር። ብሩ ትንሽ ነበር፣ ግን ልጇ ከትምህርት ቤት ከመባረሩ በፊት ስለሚደርስ እናትየዋ ሜዳ አህያውንና የልጇን ደብተር አንድ ላይ ታያቸው ነበር። እናንተም ክፍያውን ስታቅዱ ቤተሰቡ መቼ ነው ከብት ለመሸጥ የሚገደደው ብላችሁ ጠይቁ፣ እዛ ላይ አድርጉት።

ኪራዩ ቱሪስት መጣም አልመጣም የሚከፈል ቋሚ ይሁን። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሎጆቹ ተዘጉ፣ ብዙ ቦታ ኪራዩ ተቀነሰ ወይም ዘገየ፣ ባለመሬቱ ግን መሬቱን ለቋል። ኮንትራቱ ላይ "እንግዳ ከሌለስ?" የሚል አንቀፅ ካላገኛችሁ አትፈርሙ፣ ከየክፍያው ትንሽ ትንሽ የሚቀመጥበት የመጠባበቂያ አካውንትም ይኑር። ከቱሪዝም ውጪ ሌላ ገቢ ካለ ጥሩ ነው፣ ቹሉ ኮረብታዎች ላይ የማሳይ ግሩፕ ራንቾች የሚሳተፉበት የደን ካርቦን ፕሮጀክት አለ። የካርቦን ውል ግን ለብዙ አስርት አመታት የሚያስር ስለሆነ በማሳይኛ መስመር በመስመር ይነበብ፣ ከካምፓኒው ያልተቀጠረ ጠበቃ ይየው።

የድንኳኑ ቁጥርም ገንዘብ ነው። ኦል ኪንዬይ በሚባለው የማራ ኮንሰርቫንሲ ላይ ለ700 ኤከር አንድ ድንኳን፣ በአንድ ካምፕ ከ12 ድንኳን አይበልጥም የሚል ደንብ አለ። እንግዳው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ይከፍላል፣ አንድ አንበሳ በ30 መኪና አይከበብም፣ ለከብቱም ቦታ ይተርፋል።

አንበሳው ላም የበላ ጠዋት

አሁን ወደ አንበሳው። ከመከላከል ጀምሩ፣ ማታ የሚበላ ከብት ብዙ ጊዜ የሚበላው በረቱ ደካማ ስለሆነ ነው፣ አንበሳው ዘሎ ባይገባ እንኳን ከብቱ ሸትቶት ደንግጦ አጥሩን ጥሶ ይወጣለታል። ሰሜን ታንዛኒያ ላይ "ህያው ግድግዳ" የሚሉት አለ፣ የከርቤ ዘመድ የሆነ ዛፍ ቅርንጫፉ ተቆርጦ እንደ ቋሚ ይተከላል፣ ስር ይሰድና ያድጋል፣ በሱ ላይ የሽቦ መረብ ይወጠራል፣ እንጨቱ ስለማይበሰብስ ምስጥም ስለማይበላው አመት ከአመት እየጠነከረ ነው የሚሄደው። ናይሮቢ ፓርክ አጠገብ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ ደሞ ገና በ11 አመቱ አንበሳ የሚንቀሳቀስ መብራት እንደሚፈራ አስተውሎ ከመኪና ባትሪ፣ ከሶላርና ከሞተር ሳይክል ፍሬቻ በረት ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሰራ፣ ከዛ በኋላ ብዙ ቦታ ተተክሏል። እረኛ ልጅ ያየውን ሳይንቲስት አላየውም፣ ስለዚህ ልጆቹን ጠይቁ።

ከብት ከተበላ እንዲህ አድርጉ። በዛው ቀን ድረሱ፣ ሬሳውን ማንም እንዳያነሳው፣ ዱካውንና ንክሻውን ፎቶ አንሱ፣ ባለቤቱ ፊት ከመሬቱ ሰው ጋር ሆናችሁ ጅብ ይሁን አንበሳ ወስኑ። ከሁሉ በፊት ግን አፅናኑት፣ ያቺን ላም በስም ነው የሚያውቃት። አምቦሴሊ አካባቢ ምቢሪካኒ ግሩፕ ራንች ላይ ከ2003 ጀምሮ የሚሰራው የካሳ ፈንድ ከላሟ ዋጋ ከፊሉን ይከፍላል፣ በረቱ ደካማ ከነበረ ወይም ከብቱ ጫካ ጠፍቶ ያደረ ከሆነ ይቀንሳል፣ በአካባቢው አንበሳ ከተገደለ ደሞ የሁሉም ክፍያ ይቆማል፣ ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል። ካሳው ለመክፈል ከዘገየ ግን ከመርዝ በፊት አይደርስም። ሬሳ ላይ የሚነሰነስ ካርቦፉራን የሚባል የተባይ መድሃኒት አለ፣ አንበሳውንም ጅቡንም ጥንብ አንሳውንም ውሻውንም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው፣ ሰውም ላይ አደጋ ነው። ሬሳውን መጠበቅ ያለባችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

ሰው ላይ ጉዳት ሲደርስ ጉዳዩ የመንግስት ነው፣ በ2013ቱ ህግ ለሞት 5 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ለቋሚ የአካል ጉዳት 3 ሚሊዮን፣ ለሌላ ጉዳት እስከ 2 ሚሊዮን ተወስኗል። ቤተሰቡ ፎርም መሙላት፣ የሀኪም ወረቀት ማያያዝ፣ ካውንቲው ድረስ መመላለስ አለበት። አብራችሁ ሂዱ፣ ፋይሉን ተከታተሉ፣ ሀዘን ላይ ያለ ሰው ብቻውን አይችለውም።

ሞራኖቹን በተመለከተ አምቦሴሊ አካባቢ በ2007 የተጀመረው ላየን ጋርዲያንስ ጥሩ ትምህርት ነው። ድሮ አንበሳ በመግደል ስም ያተርፉ የነበሩ ወጣቶች አሁን አንበሳውን ዱካውን ተከትለው ይጠብቁታል፣ የማሳይ ስም ያወጡለታል፣ ዛሬ በዚህ በኩል ስላለ ከብት አታውሉ ብለው ለእረኛ ይደውላሉ፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ፣ በረት ይጠግናሉ። ክብራቸው አልተነካም። ከ2012 ጀምሮ ደሞ የማሳይ ኦሎምፒክ አለ፣ ሩጫ፣ ጦር ውርወራ፣ የቆመጥ ውርወራ፣ ከፍታ ዝላይ፣ በአንበሳ አደን ፋንታ ጉብዝናቸውን የሚያሳዩበት ነው፣ የ800 ሜትር የአለም ሪከርድ ባለቤቱ ዴቪድ ሩዲሻ፣ ራሱ ማሳይ የሆነው፣ ከጎናቸው ቆሟል።

ሬንጀር ስትቀጥሩ ከመሬቱ ቤተሰቦች ቅጠሩ፣ ከአንድ ቤት ሶስት ሰው ከሌላው ዜሮ እንዳይሆን። ሴቶችንም ቅጠሩ። በ2019 አምቦሴሊ አጠገብ ኦልጉሉሉይ ላይ ስምንት የማሳይ ሴቶች ቲም ላየነስ ተብለው ስራ ጀምረዋል፣ መንደር ገብተው ከእናቶች ጋር ስለሚያወሩ ወንዶቹ የማይሰሙትን ወሬ ይሰማሉ።

አጥር

መሬት በግል ሲከፋፈል አጥር ይመጣል፣ አጥር ሲመጣ መተላለፊያው ይዘጋል፣ ኪማና ላይ ከአምቦሴሊ ወደ ቹሉና ወደ ፃቮ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ጭንቀቱ ይሄ ነው። አንድ ቤተሰብ ላጥር ነው ሲል አትቆጡት፣ ቲማቲሙን ዝሆን በልቶበት ይሆናል፣ ወይ የጎረቤት ከብት ሳሩን ጨርሶበት ይሆናል። ሂዱና ቤቱ በር ላይ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። አጥሩን ቤቱና እርሻው ዙሪያ ብቻ እንዲያደርገው፣ ሳሩንና ወደ ውሃው የሚወስደውን ክፍት እንዲተው ተነጋገሩ፣ ለተወው ኪራይ ይታሰብለት፣ እርሻውን ለማጠር ሽቦውን እናንተ አግዙት። ከዛ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዝሆኖቹና የሜዳ አህዮቹ በየት በየት እንዳለፉ እረኞቹን ጠይቁ፣ መሬቱን የሳላችሁበት ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ፣ በሚቀጥለው ኤንኪጉዌና ላይ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ለሁሉም አሳዩ።